በብቅል ውስጥ ያደረው እግር

ይድረስ አሰብ ከባሕሩ ዳር ላለኸው ለወንድምዓለሜ ለአበጀ ወልደማርያም።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰንብተሃል? እንዴት ከርመሃል? ሙቀቱ ትንሽ እንኳ አልበረደላችሁም? ጀልባ ስትፍቅ የሚነሣው ብናኝ ዓይንህን እንደሚያቃጥልህ ጽፈህልን ነበር፤ አሁንስ ተሻለህ? ታንጉስ እንዴት ናት? ልጃችሁስ ቆሞ መሄድ ጀመረ? እኔ እህትህ ዓለምዬ ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ፣ ከነጎረቤቱ ከአንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም፤ መድኃኔዓለም ይመስገን። የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ደብዳቤ የሚጀመረው በአብዮታዊ ሰላምታ ነው ይለኛል። አንተ ግን የእናቴ ልጅ ነህና የእናትህን ልጅ ሰላምታ ተቀበል።

እምዬ ደህና ናት። አባባም ደህና ናቸው፤ ብርድ ጉልበታቸውን ይዟቸው ነበር፣ ከውቂያው በኋላ ግን ለቀቃቸው። ቡሬዋ ላም ወልዳለች። ገብሱም እግዜር ይመስገን ደህና ገብቷል፣ ባቄላው ነው ውርጭ የመታው። ይህን ሁሉ የምነግርህ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እጄም ከደስታው ብዛት ፊደሉን አልታዘዝ ብሎኛል፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዬ ቢያየኝ ያፍርብኛል። የተጣመመውን እያቃናህ፣ የጎደለውን እየሞላህ አንብብልኝ።

የምጽፍልህ ስለ ጥላዬ እግር ነው። በስተመጨረሻ ምን እንደሆነ አሁን አልነግርህም። እኛ እዚህ ስንት ቀን እንደተንጠለጠልን አንተም ለአንድ ደብዳቤ ያህል ተንጠልጠል። ታንጉም ገጹን ገልብጣ መጨረሻውን እንዳታይ ጠብቃት።

ታንጉዬ፣ አንቺ አገራችንን ስላላየሽው ግራ እንዳይገባሽ ከሥሩ ልንገርሽ። ጥላዬ የባልሽ ታናሽ፣ የእኔ ታላቅ ነው። በሚሊሺያ ዘምቶ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሳለ ፈንጂ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወሰደው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ሲድን ከፋይበር የተሠራ እግር ሰጡት። በዚያ እግር አረሰ፣ በዚያ እግር አጨደ፣ ገበያ ወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳመ። ሱሪውን ለብሶ ሲሄድ የማያውቀው ሰው ትንሽ ያነክሳል ከማለት በቀር ምንም አይልም። በኅዳር የገብስ ነዶ ተሸክሞ ከእርከኑ ሲወርድ አንሸራተተውና እግሩ በሁለት ድንጋይ መካከል ገባ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ሲሰነጠቅ ሰማሁት። ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ እስከ ባቱ ድረስ ተተረተረ። በጠፍር ጠፍረን አሰርነው፤ ግን በተራመደ ቁጥር ስንጥቁ ይከፈትና ይዘጋል፣ ሲዘጋም ሥጋውን ይቆነጥጠዋል። ያን ጊዜ ነው ለባልሽ የጻፍኩለት።

በጊዜው ለአንተም ያልጻፍኩልህ ነገር አለ አበጀ፤ ያሳስብሃል ብዬ ነው። ጥላዬ ያጫት ዘነበች የቤተ ልሔሙ የመሪጌታ ቀለመወርቅ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ። ሰርጉ አምና ሊሆን ነበር፣ የመሪጌታ እናት ዐርፈው በሐዘን ተላለፈ። ዘንድሮ ደግሞ በእግሩ ምክንያት ይተላለፍልን ብለን ሽማግሌ ላክን። መሪጌታ አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም አሉ። ብቻ «ልጄ በቃል ታስራ ሁለት ዓመት አትቀመጥም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከሆነ ይሁን፤ ካልሆነ ቃላችሁን እመልስላችኋለሁ፣ ሌላም ጠያቂ አላት» ብለው ሽማግሌዎቹን መርቀው ሸኟቸው። አዲስ አበባ ወርዶ ያሠራው እንዳንል፣ የይለፍ ወረቀቱ፣ መንገዱ፣ የሆስፒታሉ ተራ ሲደመር ጾሙ ገብቶ ፋሲካም ያልፋል።

አባባ በምርኩዝ ይሂድና ያግባ አሉ። ጥላዬ እሺ አላለም። የአገራችንን ወግ ታውቀዋለህ፤ ሙሽራው ዳስ ገብቶ በሰው ሁሉ ፊት ተንበርክኮ የሙሽራዋን አባትና እናት ጉልበት ይስማል። ምርኩዝ የያዘ ሰው እንደምንም ይንበረከክ ይሆናል፣ ሲነሣ ግን ሰው ብብቱን ይዞ ያነሣዋል። «ዘነበች አባቷ ቤት እንደ ጆንያ ተነሥቼ አታየኝም። በራሴ ተንበርክኬ በራሴ ካልተነሣሁ ለሌላ ይስጧት» ብሎ ምርኩዙን ወረወረ። ልጁ እልኸኛ መሆኑን አንተ ነህ የምታውቀው። እሷን ግን እንዴት እንደሚወዳት እኔ ነኝ የማውቀው። ለሌላ ይስጧት ባለ ማግስት እህል አልቀመሰም።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ዕቃውን የላክህበት ሾፌሩ ባዩ ከገና በኋላ ንፋስ መውጫ ገብቶ የዓለምዬ ወልደማርያም ዕቃ ብሎ ያስጠራኝ። እግዜር ይስጥልህ፣ እጅህ ይባረክ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ሙጫ፣ በትንሿ ጠርሙስ ያለውን ማድረቂያ፣ ከመስታወት ክር የተሸመነውን ነጭ ጨርቅ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን፣ ጓንቱን፣ ብሩሹን ሁሉ አንድ ሳይጎድል አስረከበኝ። ደግ ሰው ነው። መኪናውን አቁሞ፣ አንተ አሰብ ላይ እንዴት አድርገህ እንዳሳየኸው በመኪናው አፍንጫ ላይ በጣቱ እየሳለ አስተማረኝ። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀቱ ትፈገፍጊያለሽ አለ። በአንድ የቡና ስኒ ሙጫ ላይ በጠርሙሱ ክዳን ማድረቂያ ትጨምሪና ታማስያለሽ። ጨርቁን በሙጫው እያራስሽ በስንጥቁ ላይ ትደራርቢያለሽ፣ አየር እንዳይቀርበት በብሩሹ ትመቺዋለሽ። እሳት ግን በአጠገቡ እንዳይደርስ፤ እንደ ላምባ ይያያዛል። ወንድምሽ አሰብ ላይ ሲሠራው ወሬ ሳንጨርስ ይደርቃል አለኝ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ኋላ ጉድ አደረገችን።

የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ጥላዬም አባባም እንዳይክዱኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው። ጥላዬ የራሱን እግር አልነካም ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አባባ ቆርቆሮው ሲከፈት ሽታው አፍንጫቸውን ሲመታቸው እስከ በረቱ ድረስ ሸሹ። እምዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ይህ ነገር ከእኔ ብቅል አጠገብ እንዳይደርስ አለችኝ፤ ለሰርጉ ጠላ ገብስ ነክራ ነበርና። ሽማግሌዎቹ መልሱን ይዘው ከመጡ በኋላም እሷ ብቻ ሰርጉ ይቀራል ብላ አላመነችም ነበር። እኔም ደጅ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ባዩ እንዳለኝ አደረግሁ። ሲደርቅ እንዴት እንደሚሞቅ ባየህ ልልህ ነበር፤ ለካ ሥራህ ነው። እኔ ግን ደንግጬ ሰውን ሁሉ ጠርቼ አስነካሁ። ወደ ማታ ድንጋይ ሆነ። ጥላዬ አጥልቆት ግቢውን ዞረ፣ እምዬ እልል አለች፣ እኔማ ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው አያክለኝም አልኩ።

በማግስቱ ጥላዬ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ቁልቁለቱን ሲመለስ ያ የለጠፍኩት ጨርቅ እንዳለ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጦ በእጁ ቀረ። አንድ ላይ ነው የተላጠው፣ ቁራጭ እንኳ አልቀረበትም። ቤት ሲገባ እግሩን አውልቆ ጥግ ላይ አስቀመጠና አባባን፣ ሰርጉ ቀርቷል ብለው ለመሪጌታ ይላኩላቸው አላቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። 

እኔ ግን አልቻልኩም። የተላጠውን አንሥቼ ገለባበጥኩት። በእግሩ በኩል የነበረው ፊት ያብረቀርቃል። በጣቴ ብነካው ያንሸራትታል። ባሸተው ቅቤ። ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባ፣ ለዓመታት የጠጣው ቅቤ። ለካስ አበጀ፣ እምዬ ያ እግር ከአዲስ አበባ ከመጣ ጊዜ ጀምሮ በየሰንበቱ ቅቤ ስትቀባው ኖራለች። ጥላዬ ሲተኛ እያነሣች፣ ምራን እንደሚቀባ፣ ጠፍር እንደሚቀባ፣ ስልቻ እንደሚቀባ። ሲሰነጠቅማ ድርቀት ነው ብላ ስንጥቁን በቅቤ ሞልታዋለች። ብጠይቃት ደረቷን ነፍታ አመነች። «ምን ላድርግ፣ ቅቤ ሳልቀባው የሰነበተ ምን ነገር አለኝ? ቆዳ ሳይቀባ ይፈነዳል፤ ይህም የልጄ ቆዳ ነው» አለች። ቆዳ አይደለም፣ ፋይበር ነው ብላት ፋይበር የምን ከብት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

መጀመሪያ የሳቁት አባባ ናቸው። ሳቃቸውን ለማፈን ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጨመሩ፣ አልሆነላቸውም። እኔም ተከተልኩ። ጥላዬ ከግድግዳው ዞር አላለም፣ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ያለቅሳል ብዬ ስደነግጥ ለካ እሱም ይስቃል። እምዬ ብቻ ነበረች ያኮረፈች። ኋላ ላይ እኔ ነኝ የልጄን ሰርግ ያበላሸሁት ብላ ማድቤት ገብታ ብቻዋን ተቀመጠች። ይህ ደግሞ ሌላ ልቅሶ ሆነብን።

ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ሙጫ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ጨርቁም እንደዚያው። ማድረቂያው ግን በመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ስላፈሰስኩ ክዳኑን አይሞላም። ይህ ከተበላሸ ሌላ የለም፣ አንተ ሌላ ብትልክ እንኳ ጾሙ ይቀድመዋል። ስለዚህ ከመለጠፋችን በፊት ቅቤውን ነቅሎ ማውጣት ነበረብን። እምዬ ከማድቤት ወጥታ ቅቤን እኔ አስገብቼዋለሁ እኔ አወጣዋለሁ አለች። እንዶድ ወቀጠች። ያን እግር በፈላ ውሃና በእንዶድ እያሻሸች፣ በአሸዋ እየፈተገች፣ ደግማ እያጠበች፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣች ስንት ጊዜ እንደመላለሰችው እኔ አልቆጠርኩም። የእንዶዱ አረፋ ቢጫ ሆኖ ይወርድ ነበር። ነጭ ሆኖ እስኪወርድ አልለቀቀችውም። ከዚያ ተረከብኳትና ስንጥቁን በቢላ አፍ ሰፋ አድርጌ ፍቄ፣ በብርጭቆ ወረቀቱ ዙሪያውን ነጭ ዱቄት እስኪወጣው ድረስ ፈገፈግሁት።

ዱቄቱ ይበላል ብለህ ለምን አልነገርከኝም? አንገቴን፣ ክንዴን፣ ሆዴን ሁሉ በላኝ። እኔ ብቻ ብሆን ምንም አልነበረም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ማከክ ጀመረ። አባባ ቁንጫ ነው ብለው ፍየሎቹን ከቤት አስወጡ፣ መደቡን በአመድ አስነሰነሱ። እኔ ምክንያቱን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ፍየሎቹ ከቤት እንዲወጡ ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ነውና።

ሁለተኛውን የለጠፍኩ ዕለት ሰማዩ ከማለዳው ጥሩ ነበር። ግማሽ እንደሠራሁ ከጉና በኩል ጉም ወረደ። ያ የእኛ ብርድ፣ አጥንት የሚቆረጥመው፣ አንተ አሰብ ላይ የረሳኸው ብርድ መጣ። ጨርቁን ደራርቤ ጨረስኩና መጠበቅ ጀመርኩ። ባዩ ወሬ ሳይጨርሱ ይደርቃል ብሎኝ የለ? እኛ ስንቱን ወሬ ጨረስን። እግሩ እንደ ማር ይዝለገለጋል። ጣቴን ሳነሣ ክር እየሳበ ይመጣል። ማድረቂያው አንሶታል፣ ፀሐይም የለም። እሳት አጠገብ እንዳላስጠጋው ባዩ እንደ ላምባ ይያያዛል ብሏል። ጥላዬ መጣና አየው፤ ተይው ዓለምዬ፣ ደክመሻል አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እግሩን ታቅፌ አለቀስኩ፣ ሙጫው ቀሚሴ ላይ ቀረ፣ እስከ ዛሬም አልወጣም።

እምዬ ይህን ጊዜ ወደ ጓዳ ገባች። የሰርጉ ብቅል በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖት ነበር። መቼም ብቅል ሲበቅል እንዴት እንደሚግል ታስታውሳለህ፤ ልጅ ሳለን እጃችንን ከሥሩ እየሰደድን ስንሞቅ በማማሰያ እንጨት ትመታን ነበር። ድንጋዩን አንሥታ፣ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች። ከዚያ ወጣችና አምጪው አለችኝ። ሽታውስ ብላት አምጪው ነው የምልሽ አለች። ደረቅ ስልቻ አራግፋ አመጣች። እርጥበቱ እንዳይነካው እግሩን ስልቻው ውስጥ አስገባን፣ አፉን በጠፍር አሰርን፣ ብቅሉን ከፍለን መሐሉ ላይ አጋደምነውና መልሰን ከደንነው። ያቺ ብቅሏ ዘንድ አፍንጫችንን እንኳ እንዳናስጠጋ የከለከለችን ሴት ነች። የሰርጉን ድግስ በሙሉ በዚያ እግር ላይ አስያዘችው። አባባ ለድግሱ ምን ልናጠጣ ነው ሲሏት ሰርግ ከሌለ ለማን ነው የሚጠጣው ብላ ዝም አሰኘቻቸው።

ጠዋት ስልቻውን ያወጣችው እሷ ናት። እኔ አልደፈርኩም። እጇን አስገብታ ዳሰሰችው። ከዚያ በጣቷ አንጓ አንኳኳችው። ቋ ቋ አለ። ደግማ አንኳኳች። ጥላዬ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሰማው። እኔ ወንድሜን በደህና ጊዜ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አየሁት፣ አልደበቀምም። እኔ ቢላውን አምጥቼ በጫፉ ልላጠው ሞከርኩ፤ እንቢ አለ። አባባ በመዶሻ እንሞክረው ሲሉ እምዬ ቀምታ ደበቀችባቸው።

በስልቻው ዙሪያ የነበረውን ብቅል እምዬ ዘግና ጣለችው፣ የቀረውን አሰጣችና ጠላ ጠመቀች። ሽታው ጠፍቷል ባዮች ነን። አባባ ግን ገና የመጀመሪያዋን ዋንጫ ቀምሰው ይህ ጠላ አሰብ አሰብ ይላል አሉ። አሰብን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ይህን ከአፋቸው የሰሙ ጎረቤቶች ሁሉ አሰብ አሰብ የሚለውን ጠላ እንቅመስ እያሉ መጥተው ከሰርጉ በፊት አንድ ጋን አስጨረሱን።

ከዚያ ወዲያ ጥላዬ ሥራው መንበርከክ ሆነ። በየቀኑ ከቤቱ ጀርባ እየሄደ ይንበረከካል፣ ይነሣል። መጀመሪያ ግድግዳ እየያዘ፣ ኋላ ምንም ሳይዝ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ መሪጌታ ቀለመወርቅን እሆንለታለሁ። ድምፄን አወፍርና ልጄ፣ ወልደህ ሳም፣ ዘርህ እንደ ሰማይ ኮከብ ይብዛ እያልኩ እመርቀዋለሁ፣ እሱም በሳቅ ሚዛኑ እየጠፋበት ይወድቃል። አባባ ደርሰውብን በካህን ትቀልዳለሽ ብለው ተቆጡኝ። ቆይተው ግን እስቲ አንድ ጊዜ በእኔ ይሞክር ብለው በርጩማውን ወሰዱብኝ።

ሰርጉ የአስተርዮ ማርያም ማግስት እሑድ ሆነ። ሴት ልጅ ከሙሽራ ጋር አትሄድም ቢሉኝ ሰርገኛ ሆኜ አይደለም የእግሩ ባለሙያ ሆኜ ነው የምሄደው አልኳቸው። ብሩሹንና የተረፈችውን ቁራጭ ጨርቅ በቅርጫት ይዤ ተከተልኳቸው። ለምን እንደያዝኳት አትጠይቀኝ፣ ያለ ሙጫ ምንም አትረባም። ቤተ ልሔም ስንደርስ ጥላዬ ከበቅሎው ወርዶ ከግቢው በር ጀምሮ በእግሩ ሄደ። ዳሱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ካህናቱ፣ የቅኔ ተማሪዎቹ፣ የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ። ዘነበች ተከናንባ በእናቷ አጠገብ ነበረች። መሪጌታ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሲመጣ ያዩታል። አጠገባቸው ሲደርስ እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ መንበርከኩ ይቅርብህ። ለአገር የተሰጠ እግር ነው፣ ቆመህ እመርቅሃለሁ» አሉት። ደግነታቸው ነው። ሰውም ሁሉ አዎ ይቅር፣ ይቅር አለ። ጥላዬ ግን «የኔታ፣ ቤተሰቤ ሁሉ የደከመው ለዚህች ነው፣ አይከልክሉኝ» አለና ወረደ።

በሁለቱም ጉልበቱ ሲያርፍ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳሱ በሙሉ ሰማው። አበጀ፣ እኔ የሞትኩት ያን ጊዜ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰው እህ ሲል ሰማሁ። ስገልጥ ጥላዬ የመሪጌታን ጉልበት ስሞ ወደ እናቲቱ ዞሯል። የጮኸው እግሩ አይደለም፣ መሪጌታ ምርቃት ለመስጠት ወደ ፊት ሲያጎነብሱ የተቀመጡበት አግዳሚ ነው። ከዚያ ማንንም ሳይዝ፣ መሬት ሳይነካ፣ ቀኙን አስቀድሞ ተነሣ። መሪጌታ፣ ያን ሁሉ ቅኔ የሚያውቁ ሰው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው እግዚአብሔር ይስጥልን ብቻ አሉ። የተከናነበችው ሙሽራ ክንብንቧን ገለጥ አድርጋ አየችው። ሙሽራ እንዲህ አታደርግም ብለው እናቷ ጎሸሟት፤ ክንብንቧን ግን አልመለሰችም።

አሁን ደግሞ ከሰርጉ ሁሉ ያስበለጥኩትን ልንገርህ። ዘነበች ቤታችን ከገባች በኋላ፣ የሚዜዎቹ ግርግር ሲበርድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱን ሰው እግር ልታጥብ ውሃ አሙቃ ገበቴ ይዛ መጣች። የአባባን አጥባ ሳመች። የእምዬን አጥባ ሳመች። ወደ ጥላዬ ስትደርስ ቀኝ እግሩን ሰጣት፣ ግራውን መደቡ ሥር ሸሸገ። ቀኙን አጥባ ስትጨርስ ሌላውስ አለችው። እሱ አይታጠብም፣ ፋይበር ነው አላት። ፊቱ ቀልቶ ነበር። እሷም ቀና ሳትል «በሁለት እግርህ ነው የመጣኸኝ፤ አምጣው» አለችው። አልንቀሳቀስ ሲል ራሷ እጇን ሰድዳ ሳበችው። ጣት የሌለውን እግር በሞቀ ውሃ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ባቱ ቀስ ብላ አጠበችው። በነጠላዋ አደረቀችው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ሳመችው። ስንጥቁ በነበረበት፣ አንተ የላክኸው ጨርቅ በተለጠፈበት ላይ ነው የሳመችው አበጀ፤ አጠገቧ ስለነበርኩ በደንብ አይቻለሁ። እምዬ ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች። አባባ መብራቱ ጢሱ በዛ አሉ። ጥላዬ እጁን ራሷ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አላነሣውም።

በል እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ባዩ ሞተሩን ሳያስነሣ ልጨርስ። እምዬ አስካለ ዓይንህን በርቀት ስማ፣ ልጁ በሰላም ይደግልኝ ትላለች። አባባ ወልደማርያም ሰላም በልልኝ፣ የጨው ውሃ እንዳይጠጣ ምከሪው ብለውኛል። ጥላዬ ለአንተ ሊያጽፈኝ ጀመረና እሱ ያውቀዋል ብሎ ወደ እርሻው ሄደ። ዘነበች በዓይን ባላውቃቸውም የባሌን ታላቅ ወንድምና እመት ታንጉን እጅ እነሣለሁ ትላለች። ታንጉዬ፣ አንቺንና ልጅሽን እኔ ዓለምዬ ስሜ አልጠግብም። አበጀ፣ ያንን ጨርቅ የቆረጡ እጆችህን እስምልሃለሁ።

ላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ
የካቲት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.